ትዝታ እንደ ጠጅ

አንባቢ ሆይ! ከሥራ ወይም ከትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ማታ ብቻዎን ተቀምጠው የትዝታ ዘፈን ሲሰሙ ልብዎ ደስ ይለዋል ወይስ ያዝናል? ሁለቱንም ነው ካሉኝ አልተሳሳቱም። ነገሩ እንደ ጠጅ ነው። ጠጅ ማር ብቻ አይደለም፤ ጌሾ ካልገባበት ብርዝ ሆኖ ይቀራል። የፍቅር ዘፈንም ናፍቆት የሚባለው ጌሾ ካልገባበት ይጣፍጣል እንጂ አያሰክርም።

እንደሚታወቀው ትዝታ የዘፈን ስም ብቻ አይደለም። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋራ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ያሉት አምስት ድምፆች ናቸው፤ ዜማውም ሄዶ ሄዶ ወደ ተነሣበት ይመለሳል። የናፈቀ ሰው አሳብም እንዲሁ ነው። ግጥሙ አብዛኛውን ጊዜ በወል ቤት ይገጠማል፤ ይኸውም ስድስት ቀለም ተብሎ ትንፋሽ ይወሰድና ሌላ ስድስት ይከተላል። ባለቤት የለውም፤ ዘፋኝ ሁሉ የራሱን ስንኝ ይጨምርበታል። የፍቅር እንጉርጉሮ ብዙ መሣሪያ እንደማያሻው በ2004 ዓ.ም. ያረፉት ተዋናይትና የክራር ተጫዋች አስናቀች ወርቁ አሳይተውናል። በሌላ በኩል የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» ከስሙ ጀምሮ መድኃኒት ፍለጋ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በትዝታ ግጥሞች ውስጥ ዘፋኙ ብዙ ጊዜ የሚያነጋግረው የተለየውን ሰው ሳይሆን ትዝታውን ራሱን ነው። ትዝታ እንደ እንግዳ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ቤቱን ይለምዳል። ቀስ በቀስም የሚወደደው እንግዳው ይሆንና የተለየው ሰው ይረሳል። ስካር ማለት ይኸ ነው።

ይኸን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አስተማሪ ሆኜ ወደ አንዲት ሩቅ ከተማ በተመደብሁበት ዓመት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ ደረሰኝ። ጥያቄዋ አጭር ነበረች፤ «ለፋሲካ ትመጣለህ ወይ?» የምትል። ማታ ማታ መልሱን ልጽፍ ወረቀት አወጣለሁ፤ ከዚያ ትዝታ እከፍታለሁ፤ ዓይኔ እንባ ያቀራል፤ ወረቀቱ ባዶውን ያድራል። እንዲህ ስናፍቃት ፋሲካ አለፈ። እኔ በናፍቆትዋ ሰክሬ ሳለሁ እርስዋ ረስቶኛል ብላ ቆረጠች። የፈረደችውም በትክክል ነው፤ ከእኔ ዘንድ የደረሳት ዝምታ ብቻ ነበርና።

ስለዚህ ዘፈኑን ይተዉ አልልዎትም፤ እኔም አልተውሁትም። ጠጅ የሚያውቅ ሰው ብርሌውን አንሥቶ ያጣጥማል፤ የቤቱን መንገድ ሳይረሳም ይነሣል። እርስዎም የናፈቁት ሰው መልስዎን የሚጠብቅ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ዘፈን ከመክፈትዎ በፊት ሁለት መስመር ይጻፉለት። ዘፈኑ ይቆይዎታል።