ኮምፒዩተርን በውሃ ማቀዝቀዝ፡- የመዳብ ቱቦው ምን ያህል ይረዳል?

ማንኛውም ኮምፒዩተር ከሶኬት የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለጽሑፍ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ኮምፒዩተር የሚያመነጨው ሙቀት አነስተኛ በመሆኑ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ ትበቃዋለች። ዘመናዊ የቪዲዮ ጌሞችን ለማጫወት የሚገጣጠም ኮምፒዩተር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሥራ ሲበዛበት ሲፒዩው 150 ዋት፣ የግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 350 ዋት፣ በድምሩ 500 ዋት ያህል ሙቀት ሊያወጣ ይችላል።

500 ዋት ሲታይ ብዙ አይደለም። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ልዩነቱ ሙቀቱ የሚወጣበት ገጽ ስፋት ላይ ነው። ወርዱ 58 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ ምጣድ 2600 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚወጣው ሙቀት 1.3 ዋት ብቻ ነው። 150 ዋት የሚያወጣ የሲፒዩ ቺፕ ስፋቱ 2 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን ከእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 75 ዋት ይወጣል። ይህም ከምጣዱ ከ50 እጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

ይህን ሙቀት ለማስወገድ አንዳንድ የኮምፒዩተር አፍቃሪዎች ማራገቢያውን ትተው ውሃ በሚዘዋወርበት ቱቦ ይጠቀማሉ። ከእነዚህም መካከል ቱቦውን ከመዳብ አጥፈው የሚሠሩት አሉ። ውጤቱ ለዓይን ያማረ ነው፤ መዳብ ሙቀትን በሚገባ የሚያስተላልፍ ብረት እንደሆነ ስለሚታወቅም ቱቦው ራሱ ኮምፒዩተሩን የሚያቀዘቅዝ ይመስላል። ይህ እምነት ምን ያህል እውነት ነው? ጥያቄው የገንዘብም ጥያቄ ስለሆነ በቁጥር ሊመለስ ይገባዋል። ለስሌታችን እንዲመች ኮምፒዩተሩ የሚገጣጠመው በምሥራቅ ወለጋ፣ ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ በምትገኘው በሲሬ ከተማ ነው እንበል።

ከአረቄ ማውጫው የምንማረው

በውሃ ማቀዝቀዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አረቄ የምታወጣ ሴት ከድስቱ የሚነሣውን ተን በመቃ አሳልፋ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ዕቃ ትመራዋለች። ተኑ ሙቀቱን በዕቃው ግድግዳ በኩል ለውሃው አስረክቦ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ይሁን እንጂ ውሃው እየሞቀ ይሄዳል፤ በጊዜው ካልተቀየረም ተኑ በሚገባ መቀዝቀዙን ያቆማል። ባለሙያዋም ይህን ስለምታውቅ ውሃውን ትቀይራለች።

ከዚህ የምንረዳው መሠረታዊ ነገር ውሃ ሙቀትን የሚያጠፋ ሳይሆን የሚሸከም መሆኑን ነው። የተሸከመውን የሚያራግፍበት ቦታ ያስፈልገዋል። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ራዲያተሩ ነው። ፓምፑ ውሃውን በቺፑ ላይ በተለጠፈው የውሃ ብሎክ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የሞቀው ውሃ ወደ ራዲያተሩ ይሄዳል፤ ማራገቢያዎች በራዲያተሩ ቀጫጭን ክንፎች መካከል አየር እየነፉ ሙቀቱን ይወስዳሉ፤ የቀዘቀዘውም ውሃ ይመለሳል። ስለዚህ «በውሃ የሚቀዘቅዝ» የሚባለው ኮምፒዩተር በመጨረሻው የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። በዚህ ምክንያት ራዲያተር ብቻ ያለው ኮምፒዩተር ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም።

ታሪኩ ባጭሩ

ዘዴው የተጀመረው በትልልቅ ኮምፒዩተሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ የጀመረው ክሬይ 1 ሱፐር ኮምፒዩተር የሰርኪዩት ሰሌዳዎቹ ሙቀት በመዳብ ዝርግ ሳህኖች በኩል ፍሪዮን ወደሚያቀዘቅዛቸው ዘንጎች ይተላለፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ የሆነው የአይቢኤም 3081 ደግሞ በውሃ ይቀዘቅዝ ነበር። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወጣት አፍቃሪዎች ዘዴውን ወደ ቤት አመጡት። በጊዜው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ዕቃ እንደ ልብ ስላልነበረ፣ የመኪና ውስጥ ማሞቂያን ትንሽ ራዲያተርና የዓሣ ገንዳ ፓምፕን አጣምረው ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 አፕል ኩባንያ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ ፓወር ማክ ጂ5 ለገበያ አቀረበ። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያሠለጥኑ ትልልቅ የመረጃ ማዕከላት በዚሁ ዘዴ ይጠቀማሉ።

የሙቀቱ ሂሳብ

አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ እንዲጨምር 4186 ጁል ያስፈልገዋል። ፓምፑ በደቂቃ 3 ሊትር፣ ማለትም በሰከንድ 0.05 ኪሎ ግራም ውሃ ቢያዘዋውር፣ 500 ዋት ሙቀት ውሃውን የሚያሞቀው በ2.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። ውሃ ምን ያህል ጥሩ ተሸካሚ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ቀጥሎ ሙቀቱ የሚያልፍበትን መንገድ እንደ ኤሌክትሪክ ሰርኪዩት እንመልከተው። በኦም ሕግ የቮልቴጅ ልዩነት የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት እንደሆነ ሁሉ፣ የሙቀት መጠን ልዩነትም የሚያልፈው ኃይልና የሙቀት ሬዚስታንስ ብዜት ነው። በሲሬ የክፍሉ አየር 25 ዲግሪ ነው እንበል። የራዲያተሩ ሬዚስታንስ በአንድ ዋት 0.024 ዲግሪ ቢሆን፣ 500 ዋት ሲያልፍበት ውሃው ከአየሩ በ12 ዲግሪ ይበልጣል፤ ማለትም 37 ዲግሪ ይሆናል። ከቺፑ እስከ ውሃው ያለው ሬዚስታንስ በአንድ ዋት 0.2 ዲግሪ ቢሆን ደግሞ፣ የሲፒዩው 150 ዋት 30 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ሲፒዩው 67 ዲግሪ ላይ ይረጋል ማለት ነው።

አሁን ወደ መዳብ ቱቦው እንመለስ። የውጭ ወርዱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ ርዝመቱ 1 ሜትር የሆነ ቱቦ 0.038 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። ማራገቢያ በማይነፍስበት ቦታ ከአንድ ካሬ ሜትር ገጽ ወደ አየር የሚያልፈው ሙቀት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 10 ዋት ያህል ነው። በ12 ዲግሪ ልዩነት ቱቦው የሚያስወግደው ሙቀት እንግዲህ 5 ዋት እንኳን አይሞላም። ይህ ከ500 ዋቱ ከመቶ አንድ እጅ ያነሰ ነው። የላስቲክ ቱቦውን አውጥቶ መዳብ የገጠመ ሰው የሲፒዩውን ሙቀት የሚቀንሰው በ0.1 ዲግሪ ገደማ ነው። በአንጻሩ ተመሳሳይ የሆነ ሁለተኛ ራዲያተር የጨመረ ሰው 12ቱን ዲግሪ በግማሽ ቀንሶ ሲፒዩውን ወደ 61 ዲግሪ ያወርደዋል።

የሲሬ አየር

ሲሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። በ22 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ጠለል 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በሲሬ 0.96 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ይመዝናል። የሳሳ አየር የሚሸከመውም ሙቀት ያነሰ ነው። አየሩ 10 ዲግሪ ብቻ ሞቆ 500 ዋት ይዞ እንዲወጣ ቢፈለግ በባሕር ጠለል በደቂቃ 2.5 ሜትር ኩብ ሲበቃ፣ በሲሬ 3.1 ሜትር ኩብ መንፋት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው በባሕር ጠለል የተለካ የራዲያተር ብቃት በደጋና በወይና ደጋ ከተሞች ሙሉ በሙሉ የማይገኘው። በስሌታችን 12 ዲግሪ ያልነው ልዩነት በባሕር ጠለል 10 ዲግሪ ገደማ ይሆን ነበር።

ሆኖም ከፍታው የሚሰጠው ከሚወስደው ይበልጣል። በጋምቤላ ቆላ የከሰዓት በኋላ አየር 38 ዲግሪ በሆነበት ሰዓት በሲሬ 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ልዩነቱ 13 ዲግሪ ነው። የአየሩ መሳሳት የሚያስከፍለው ግን 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የሲሬ ተማሪ ይበልጥ ሊያስብበት የሚገባው የበጋው አቧራ ነው። አቧራ የራዲያተሩን ክንፎች ሲደፍን የአየሩ መተላለፊያ ይጠባል፤ በለስላሳ ብሩሽ አዘውትሮ ማጽዳት ውድ ማራገቢያ ከመግዛት ይሻላል።

መዳብ በእርግጥ የሚጠቅመው የት ነው?

ከላይ የተባለው መዳብን ለማጣጣል አይደለም። በውሃ ብሎኩ ውስጥ የመዳብ ሚና ወሳኝ ነው። መዳብ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ 400፣ የአሉሚኒየም ደግሞ 237 ዋት በሜትር በዲግሪ ገደማ ነው። ከትንሿ ቺፕ የሚወጣውን ሙቀት በፍጥነት አሰራጭቶ ለውሃው የሚያስረክበው ይህ ብሎክ ነው።

ቱቦውም ቢሆን ሌሎች ጥቅሞች አሉት። በሙቀት አይለሰልስም፤ ውሃ በግድግዳው አልፎ አይተንበትም፤ ብርሃን ስለማያስገባም አልጌ እንዲበቅል አያመችም። እነዚህ የዕድሜ ጥቅሞች ናቸው እንጂ የማቀዝቀዝ ጥቅሞች አይደሉም።

ሊሠራ ለሚፈልግ ሰው

1. መዳብንና አሉሚኒየምን በአንድ ውሃ ውስጥ አያገናኙ። የሁለቱ ብረቶች የኤሌክትሮድ ፖቴንሻል ልዩነት 2 ቮልት ስለሆነ እንደ ባትሪ ሆነው አሉሚኒየሙ ይበላል። አሮጌ የመኪና ራዲያተር ለመጠቀም የሚያስብ ሰው ከመዳብና ከነሐስ የተሠራ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ አዳዲሶቹ በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው።

2. የቱቦውን ወርድ ይለኩ። የፍሪጅ ጥገና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቱቦ የሚለካው በኢንች ነው። ግማሽ ኢንቹ 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለ12 ሚሊ ሜትር በተሠራ መጋጠሚያ ውስጥ አይገባም።

3. ቱቦው እንዳይጨፈለቅ በማጠፊያ መሣሪያ ይጠፍ። ጠንካራ መዳብ ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን ቢግል ይለሰልሳል። ደረቅ ደቃቅ አሸዋ ሞልቶ ማጠፍም የቆየ ዘዴ ነው፤ አሸዋው ግን አንዲት ቅንጣት ሳትቀር መታጠብ አለበት።

4. በዲስትልድ ውሃና ዝገት በሚከላከል ኬሚካል ይጠቀሙ። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ዲስትልድ ውሃ ያገለግላል፤ ሆኖም አጠገቡ ከሚሸጠው የባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታ ጽሑፉ በጥንቃቄ ይነበብ።

5. ማዘርቦርዱና ካርዶቹ ኤሌክትሪክ ሳያገኙ ፓምፑን ብቻ 24 ሰዓት አሠርተው ፍሳሽ መኖሩን ይመልከቱ። በየመጋጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ቢነጠፍ ትንሿ ጠብታ ሳትቀር ትታያለች።

6. የፓምፑን ፍጥነት የሚለካውን ሽቦ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው የሲፒዩ ማራገቢያ ሶኬት ጋር ያገናኙ። መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩም ፓምፑም አብረው ስለሚቆሙ አደጋ የለም። አደገኛው ኮምፒዩተሩ እየሠራ ፓምፑ ብቻውን ሲቆም ነው።

ማጠቃለያ

የመዳብ ቱቦ እጅን የሚያሠለጥን፣ ዓይንን የሚያስደስት ሥራ ነው፤ ለዚህ ሲባል መሥራት ምንም ነውር የለበትም። ገንዘቡ ውስን የሆነ ተማሪ ግን ቅደም ተከተሉን ቢያውቅ ይጠቀማል። መጀመሪያ አቧራውን ያጽዳ፤ ቀጥሎ በቺፑ ላይ የደረቀውን ተርማል ፔስት ይቀይር፤ ለአብዛኛው ኮምፒዩተር ከዚህ በኋላ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃል። ከዚህ አልፎ ወደ ውሃ የሚሄድ ከሆነ ገንዘቡን ከሁሉ በፊት በውሃ ብሎኩና በራዲያተሩ ላይ ያውል፤ መዳብ ቱቦው የተረፈው ገንዘብ ድርሻ ነው። በሙቀት መንገድ ላይ የቱ ክፍል ትልቁን ሬዚስታንስ እንደያዘ ቴርሞ ሜትርና እርሳስ ይዞ የሚፈልግ ተማሪ፣ በኮምፒዩተሩ የተማረውን ነገ በመኪና ሞተር፣ በፍሪጅና በኤሌክትሪክ ማመንጫ ላይ ሳይቀይር ይጠቀምበታል።