«መገናኘት አልተቻለም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ከሚወስደው ዋና መንገድ በስተሰሜን፣ በምዕራብ ሸዋ ደጋ ላይ፣ የጀልዱ ወረዳ ዋና ከተማ ጎጆ ትገኛለች። በዚያ አንድ አውቶሞቢል የሞተሩ የብልሽት መብራት በርቶ ቆመ እንበል። መካኒኩ ላፕቶፑንና የመመርመሪያ ማገናኛውን አምጥቶ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ይሰካል፤ ሶፍትዌሩ ግን «መገናኘት አልተቻለም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ጊዜ «የመኪናው ኮምፒውተር ተቃጥሏል» ተብሎ ከተፈረደ ባለንብረቱ መኪናውን አስጭኖ አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ ይገደዳል። ይህ ፍርድ ችኩል የሚሆንበትን ምክንያት በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

ሁለት ውይይቶች

ሶፍትዌሩ ከመኪናው ጋር በቀጥታ አይነጋገርም። በመካከላቸው ያለው ማገናኛ እንደ አስተርጓሚ ያገለግላል። ስለዚህ አንደኛው ውይይት በላፕቶፑና በማገናኛው፣ ሁለተኛው ደግሞ በማገናኛውና በመኪናው መካከል ይካሄዳል። የመጀመሪያው ሥራ የተቋረጠው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ነው።

በስፋት የሚሠራበት ኤልም 327 የተባለው ቺፕ «ኤ ቲ አይ» የሚል ትዕዛዝ ሲላክለት ስሙንና የስሪት ቁጥሩን ይመልሳል። ኃይል አግኝቶ ሳለ መልስ ካልሰጠ ጥፋቱ ከላፕቶፑ በኩል ነው፤ ድራይቨሩ አልተጫነም፣ የፖርት ቁጥሩ ተሳስቷል፣ ወይም የመረጃ ፍጥነቱ አልተጣጣመም። መኪናው እስካሁን ምንም አልተጠየቀም።

ኃይልና ቁልፍ

ሶኬቱ 16 ፒኖች አሉት። 16ኛው ከባትሪው ኃይል ያመጣል፤ 4ኛውና 5ኛው የመሬት መስመሮች ናቸው። በ16ኛውና በ4ኛው መካከል በመልቲሜትር ሲለካ 12 ቮልት ገደማ መገኘት አለበት። ምንም ከሌለ ፊውዙን እንመርምር። በብዙ መኪኖች ይኸው ፊውዝ የሲጋራ መለኮሻውንም ስለሚያገለግል፣ የተበላሸ የስልክ ቻርጀር ሊያቃጥለው ይችላል። ደግሞም የማገናኛው መብራት ቁልፍ ሳይዞር ይበራል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር ግን የሚነቃው ቁልፉ ሲከፈት ነው።

ቋንቋው

በአሜሪካ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ደግሞ ለአዳዲስ የቤንዚን መኪኖች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህ የምርመራ ሥርዓት ግዴታ ሆነ። የሶኬቱ ቅርጽ አንድ ቢሆንም ቋንቋው ግን ይለያያል። በ7ኛው ፒን የሚሠራው የቀድሞው ሥርዓት ውይይቱን የሚጀምረው በሴኮንድ 5 ቢት ብቻ ነው። የመጥሪያው መልእክት 10 ቢት ስለሆነ ሙሉ 2 ሴኮንድ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ በሴኮንድ ወደ 10,400 ቢት ያድጋል። ትዕግሥት የሌለው ሶፍትዌር ወይም ሰው ከዚህ በፊት ያቋርጠዋል።

በ6ኛውና በ14ኛው ፒን የሚሠራው ካን የተባለው ሥርዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ 500,000 ቢት ያስተላልፋል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች 120 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች ትይዩ ተያይዘዋል። ስለዚህ ባትሪው ተነቅሎ በሁለቱ ፒኖች መካከል ሲለካ 60 ኦም ገደማ ይገኛል። 120 ከተገኘ አንደኛው ጫፍ ተቋርጧል፤ ዜሮ ከሆነ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው ቀመር እዚህ ላይ ብዙ ወጪ ያድናል።

ለሌላ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ የቆዩ መኪኖች ሶኬቱ እያላቸው መደበኛውን ቋንቋ አይናገሩም፤ የአምራቹን ሶፍትዌር ይፈልጋሉ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖችም እንዲሁ ናቸው፤ መደበኛዎቹ ጥያቄዎች የተዘጋጁት ለነዳጅ ሞተር ጭስ ቁጥጥር ነበርና። በእነዚህ መኪኖች ላይ ብርቱካናማዎቹን የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ያለ ሥልጠና መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

እንግዲህ ዝምታ ማስረጃ አይደለም። ላፕቶፑ፣ ኃይሉ፣ ቁልፉ፣ ቋንቋውና ሽቦው በቅደም ተከተል ከተመረመሩ በኋላ ብቻ ኮምፒውተሩን መጠርጠር ይገባል። የጎጆው ባለመኪና ምናልባት የሚያስፈልገው አንድ ፊውዝ ብቻ ይሆናል።