በየስምንት ሰዓቱ

ኤደን ከተማ፣ ሼክ ዑስማን ወይም በሳቲን ሰፈር፣ አንድ የአገራችን ልጅ ከፋርማሲ ባንኮኒ ፊት ቆሞ አንቲባዮቲክ ሲቀበል ባለሙያው «ኩል ሰማን ሳዓት» ሊለው ይችላል። በየስምንት ሰዓቱ ማለቱ ነው። ዐረብኛው ገና ላልገባው ጆሮ ይህ ቃል ሰማንያን ይመስላል። ስምንት መሆኑን የለየውም ቢሆን «ስምንት ሰዓት ላይ» የተባለ መስሎት ከምሳ በኋላ አንዷን ፍሬ ውጦ ሊተኛ ይችላል። በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘው መድኃኒት እንዲህ አንድ ጊዜ ሆኖ ይቀራል። ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ሲያገረሽ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ሌላም መሰናክል አለ። የመንና ኢትዮጵያ የሰዓት ቀጠናቸው አንድ ነው፤ አቆጣጠራቸው ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። ኤደን ላይ ከጠዋቱ ስምንት ሰዓት ሲሉ በእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ሰውየው አንዱን መድኃኒት ስልኩ ላይ ባለው ሰዓት፣ ሌላውን በራሱ አቆጣጠር ከወሰደ በሁለቱ መካከል ሊኖር የሚገባው ርቀት ይዛባል። በየስምንት ሰዓቱ ለሚወሰድ መድኃኒት በእኛ አቆጣጠር ንጋት 12 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ብሎ መያዝ ይቀላል። በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 1 እና ማታ 1 ይበቃል። ስልክ ያለው ማስታወሻ ደወሉን በዚያ ይሙላው።

በእጅ የሚጻፈው ቁጥርም ያሳስታል። የመን ውስጥ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ የዐረቦቹ ነው። የእነርሱ አምስት የእኛን ዜሮ ይመስላል፤ ስድስታቸውም ለእኛ ዓይን ሰባት ነው። «ለአምስት ቀን» ተብሎ የተጻፈውን ትንሽ ክብ አይቶ ምንም እንዳልተጻፈ መቁጠር ቀላል ነው። የማብቂያ ቀንም እንዲሁ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት የፈረንጆቹ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ገና ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የቀረው ይመስለዋል። ስለዚህ ከባንኮኒው ሳይለቁ ባለሙያው ስንት ፍሬ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን የሚለውን በጣቶቹ እንዲያሳይ ማድረግ ነውር የለውም። «ኩል ከም ሳዓ?» በየስንት ሰዓቱ ነው፤ «ከም የውም?» ስንት ቀን ነው፤ «ቀብለል አክል ወላ በዕደል አክል?» ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መያዝ ብዙ ስሕተት ያስቀራል።

ለሰዓቱ ይህን ያህል የምጨነቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አሞክሳሲሊን ወደ ደም ከገባ በኋላ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ኩላሊት ፈጥኖ ያስወጣዋል። ባክቴሪያውን የሚገድለው ደግሞ በደም ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ወለል በላይ ሆኖ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። ጠዋት ሁለት ፍሬ በአንዴ ውጦ ቀኑን ሙሉ መተው፣ ሁለቱን ለየብቻ በሰዓታቸው ከመውሰድ ጋር እኩል የማይሆነው ለዚህ ነው። ዶክሲሳይክሊን ግን ከ15 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃዋል። አዚትሮማይሲን በሰውነት ሕዋሳት ውስጥ ለቀናት ስለሚከማች ሦስት ቀን ተወስዶ ሥራው ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። ረመዳን የሚጾም ታማሚ ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰደውን በራሱ ፈቃድ ሁለት ከማድረግ፣ ለሐኪሙ መጾሙን ቢነግረው በኢፍጣርና በሱሑር ሰዓት የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ሊያዝለት ይችላል። ለዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆየውም ምክሩ ያው ነው።

አንድ ጊዜ የተረሳ እንደሆነ ባስታወሱበት ሰዓት ይወሰዳል። የሚቀጥለው ሊደርስ ጥቂት ከቀረው ግን የተረሳው ይታለፋል እንጂ ሁለቱ በአንድ ላይ አይዋጡም።

ኤደን መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቤተ ሙከራ የታዩባት ከተማ ናት። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2012 የከፈተው የአደጋ ሆስፒታል በጥይትና በፍንዳታ የቆሰሉትን ሲያክም ቁስላቸው በተለመደው መድኃኒት አልድን ያሉ ብዙ ሰዎች አጋጠሙት። ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር በርካቶቹ ለብዙ ዓይነት አንቲባዮቲክ አንድ ላይ የማይበገሩ ባክቴሪያዎችን ይዘው ተገኙ። በመሆኑም ሆስፒታሉ የማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራና ማን የትኛውን መድኃኒት እንደሚወስድ የሚቆጣጠር ክፍል ማደራጀት ግድ ሆነበት። የባክቴሪያዎቹ መላመድ ምክንያቱ ጦርነቱ፣ የቁስሉ ቆሻሻና የሆስፒታሎች መፈራረስ ብቻ አይደለም። ያለ ማዘዣ ማንም ገብቶ አንቲባዮቲክ መግዛት መቻሉም ድርሻ አለው። ይህን የምናውቀው ከየመን ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም ሕጉ ማዘዣ ቢጠይቅም ብዙ ሰው «ያንን ባለ ሁለት ቀለሙን ስጠኝ» ብሎ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት በ2019 በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ እንደሞቱ ገምቷል። ፔኒሲሊንን በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ ከሚበቃው በታች የሚወሰድ መድኃኒት ባክቴሪያውን እንዲላመድ እንደሚያስተምረው አስቀድሞ አስጠንቅቆ ነበር።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ በፍጹም ከሌላ ሰው ጋር አይካፈሉት። ይህን ስል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንድ ክፍል ተከራይተው ብዙ ሆነው የሚኖሩ ስደተኞች እንጀራውንም፣ ስልኩንም፣ የቤት ኪራዩንም ይካፈላሉ፤ መካፈል ለእነርሱ የመኖር ዘዴ ነው። አንዱ የጥርስ ሕመም ይዞት ሌላው ከተረፈው ስድስት ፍሬ ሲሰጠው ደግነት ነው። ነገር ግን ግማሽ መጠን ለሰጪውም ለተቀባዩም አይበቃም፤ ለሳንባ ምች የታዘዘው ደግሞ ለሌላው ሕመም ላይሆን ይችላል። የታመመው ጓደኛ ከመድኃኒቱ ይልቅ ወደ ሐኪም የሚወስደው ሰው ቢያገኝ ይሻለዋል።

«ጨርስ» እና «ሲሻልህ አቁም» የሚሉት ሁለት ምክሮች ሰውን ግራ ያጋባሉ። አሮጌው ትእዛዝ ጨርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጽሑፍ ግን ለብዙ ሕመም መድኃኒቱን ማስረዘም ጥቅም እንደሌለው፣ እንዲያውም በሰውነታችን ላይ ያሉትን ምንም የማያደርጉ ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንዲላመዱ እንደሚያደርግ ተከራክሯል። ዛሬ ለብዙ ጎልማሶች የሳንባ ምች አምስት ቀን ይበቃል። የተሰበረ አጥንት ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ የሳንባ ነቀርሳ ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር የሚወስድ መሆኑን ሁላችንም ከጤና ጣቢያው ሰምተናል። እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ርዝመቱን የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የታማሚው ስሜት አይደለም። ሲሻልዎ ቶሎ ማቆም ይቻል እንደሆነ መጠየቅ ይችላሉ፤ ሳይጠይቁ ግን አያቁሙ።

አሁን ጫትን እናንሣ። ኤደን ላይ ጫት የሚቃመው ከምሳ በኋላ ነው። ስለዚህ የስምንት ሰዓቱ መድኃኒት በቀጥታ በምርቃናው ላይ ያርፋል። ጫት ለኤደንም ለእኛም የቆየ ጉዳይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ትኩስ ጫት ከድሬዳዋ በአውሮፕላን እየተጫነ ኤደን ይገባ ነበር፤ የቅኝ ገዢው አስተዳደርም በ1957 አግዶት በማግስቱ ዓመት መልሶ ፈቅዶታል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ በጤነኛ የመናውያን ወንዶች ላይ የተደረገ አነስተኛ ጥናት እንዳሳየው ጫት መቃም አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባውን መጠን በጉልህ ይቀንሳል፤ ይህ ቅነሳ ያልታየው መድኃኒቱ ከመቃም ሁለት ሰዓት በኋላ ሲወሰድ ነው። አሞክሳሲሊን ያን ያህል አይጎዳም፤ ግን በመቃሙ መካከል ሲወሰድ እርሱም ይቀንሳል። ምክንያቱ ጫቱ ውስጥ ያለው ታኒን መድኃኒቱን ስለሚይዘው እንደሆነ ይገመታል። ከሁሉ የሚሻለው በሕክምናው ቀናት ጫቱን መተው ነው። የማይተው ሰው ቢያንስ መድኃኒቱን ከመቃም ጋር ማደባለቁን ይተው፤ አምፒሲሊን ከሆነ ሁለቱን ሰዓት ይጠብቅ፤ የሚቅም መሆኑንም ለሐኪሙ ይንገረው።

ወተት፣ እርጎ፣ የብረት ኪኒንና የጨጓራ ማስታገሻ ከዶክሲሳይክሊንና ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር አብረው አይወሰዱም፤ መድኃኒቱን አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። በወተት የሚፈላው የኤደን ሻይም በዚሁ ይቆጠራል። ዶክሲሳይክሊን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ፣ ተቀምጦ ወይም ቆሞ ይዋጣል፤ ወዲያው ጋደም ያለ ሰው ጉሮሮው ሊቆስል ይችላል። ቆዳንም ለፀሐይ ስስ ያደርጋል። በግንባታና በወደብ አካባቢ ቀኑን በኤደን ፀሐይ ለሚውል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ክንድና አንገቱን ይሸፍን። ሜትሮኒዳዞል የሚወስድ ሰው አልኮል አይጠጣ። ኦጉመንቲን በምግብ መጀመሪያ ቢወሰድ ሆድን ያን ያህል አያስቸግርም።

የኤደን የሙቀት ወቅት ሌላ ችግር ያመጣል። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ መብራቱ ለሰዓታት ሲጠፋ፣ ኪኒኑን መስኮት ላይ ወይም በመኪና ውስጥ ማስቀመጥ ያበላሸዋል። በጥላ፣ በደረቅ ቦታ፣ በመጣበት ሳጥን ይቀመጥ። ለሕፃን የሚሰጠው፣ ዱቄቱ በውኃ የሚበጠበጠው ሽሮፕ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ እንደ ዓይነቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው፤ ፍሪጅ የሚፈልግም አለ። ማቀዝቀዣ የሌላት እናት ይህን አስቀድማ ለፋርማሲው ብትናገር በዱቄቱ ፈንታ በጥቂት ውኃ የሚሟሟ የአሞክሳሲሊን ኪኒን ሊሰጣት ይችላል። ማንኪያውም የሻይ ማንኪያ አይሁን፤ መለኪያው አብሮ ይጠየቅ። ሽሮፑ ከመሰጠቱ በፊት ይነቅነቅ።

ተቅማጥ ለሚይዘው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲኩ ዋናው ነገር አይደለም። በአፕሪል 2019 ኤደን፣ ላህጅና አቢያን ውስጥ ባለሥልጣናት በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን፣ አብዛኞቹን ኢትዮጵያውያን፣ ሰብስበው አሰሩ። ሼክ ዑስማን ባለው የግንቦት 22 ስታዲየም ብቻ 2,500 ያህል ሰው ተጨናንቆ ነበር። ላህጅ ውስጥ ተይዘው ከነበሩት መካከል ቢያንስ ስምንቱ በአጣዳፊ ተቅማጥ መሞታቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል። እንዲህ ባለው ሕመም ሰውን የሚገድለው የውኃና የጨው ማለቅ ነው። አገር ቤት ለምለም በሚል ስም የሚታወቀው ኦአርኤስ ሳይዘገይ ይጀመር። ካልተገኘ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት እኩል የተለካ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባለቅ። ኮሌራ ከበረታ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ሊጨምር ይችላል፤ ያም ቢሆን ከፈሳሹ ጋር እንጂ በፈሳሹ ፈንታ አይደለም።

ከመጀመሪያው ፍሬ በፊት ሐኪሙ ሊያውቃቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፔኒሲሊን አስቸግሮ ያውቅ እንደሆነ ነው፤ «ዐንዲ ሐሳሲያ ሚነል ቢንሲሊን» ብሎ መናገር ሕይወት ያድናል። ሁለተኛው እርግዝና ነው፤ «አና ሐሚል» የምትል ሴት ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ብዙ ጊዜ አይታዘዝላትም። መድኃኒቱን ከወሰዱ በኋላ ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ በፍጥነት ከወጣ፣ የሚቀጥለውን ሳይወስዱ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ደም ያለበት ወይም የማያባራ ተቅማጥም እንዲሁ ሐኪም ይፈልጋል። ቀለል ያለ ማቅለሽለሽ ግን መድኃኒቱን ለማቆም በቂ ምክንያት አይሆንም፤ ሐኪሙን ጠይቆ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይሻላል።

ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በሚያዘጋጀው በረራ ከኤደን ወደ አዲስ አበባ ለሚመለሱ ሰዎች አንድ ነገር እጨምራለሁ። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ባዶውን ሳጥንና ዐረብኛ የተጻፈበትን ወረቀት ሳይጥል ይዞ ይምጣ። መድኃኒቱን በምን ቀን እንደጀመረና ስንት ፍሬ እንደወሰደ በራሱ ቋንቋ ከጀርባው ይጻፍበት። አገር ቤት ያለው ሐኪም ቁስሉን ሲያይ ከዚያ ወረቀት በመነሣት የትኛው መድኃኒት እንደተሞከረና ሳይሠራ እንደቀረ ያውቃል፤ ወረቀቱ ከሌለ ግን ሕክምናው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።