ማዕከሉን የማይነካ ቀጣና፦ ራውተሮችን የሚያገናኘው ምናባዊ መስመር

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ክሊኒክ ገብቶ ካርዱን የሚያስወጣ ታካሚ፣ መረጃው በየትኛው መስመር ተጉዞ ሐኪሙ ዘንድ እንደደረሰ አያስብም። መንገዱን የሚመርጡት ራውተር የተባሉት መሣሪያዎች ናቸው። በአንድ ድርጅት ኔትወርክ ውስጥ ራውተሮች ከሚግባቡባቸው ደንቦች መካከል በስፋት ከሚሠራባቸው አንዱ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ ይባላል። የደንቡን ሰነድ የጻፈው ጆን ሞይ የሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪውን የተቀበለው ከዚሁ፣ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ነው።

የመጀመሪያው ሰነድ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ዛሬም መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው እትም በ1998 ታትሟል። ስሌቱ ግን ከዚያ የቀደመ ነው። ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1956 አስቦት በ1959 ያሳተመው፣ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩን መንገድ የማግኛ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የአካባቢውን ሙሉ ካርታ ይይዛል፤ ከራሱ ተነሥቶም ወደ እያንዳንዱ መድረሻ አጭሩን መንገድ ያሰላል።

ኔትወርኩ ሲሰፋ ካርታውም ይከብዳል። አንድ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ሁሉም ራውተሮች ስሌታቸውን ይከልሳሉ። ስለዚህ ኔትወርኩ በቀጣናዎች ይከፈላል። በቀጣናው ውስጥ ሁሉም ሙሉ ካርታ አለው፤ ከቀጣናው ውጭ ስላለው ግን የሚደርሰው የድንበር ራውተሮች አጭር መልእክት ብቻ ነው፦ «ወደዚያ በእኔ በኩል ይኬዳል፤ ዋጋው ይህን ያህል ነው»። ይህ እንግዲህ ካርታ አይደለም፣ ስማ በለው ነው። ወሬ ዞሮ ወደ ባለቤቱ ሲመለስ እውነት እንደሚመስለው ሁሉ፣ ራውተሮችም አንዱ የሌላውን ቃል እየተቀባበሉ መረጃውን በክብ ሊያዞሩት ይችላሉ። ደንቡ ይህን የሚከላከለው ጥብቅ በሆነ ሕግ ነው፦ የቀጣናዎች ወሬ የሚተላለፈው የጀርባ አጥንት በሆነው በቀጣና ዜሮ በኩል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቀጣና ቀጣና ዜሮን መንካት አለበት።

አንድ የጤና ድርጅት በምሳሌነት እንውሰድ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሚኒያፖሊስ መሐል ከተማ ነው፤ ቀጣና ዜሮ። የሴንት ፖል ቅርንጫፉ ቀጣና አንድ ነው። ድርጅቱ ከሴንት ፖል በስተምሥራቅ በምትገኘው በዉድበሪ ሌላ ክሊኒክ ገዛ፤ የራሱ ኔትወርክ ያለው፣ ቀጣና ሁለት። ከዉድበሪ የተገኘው መስመር ግን የሚደርሰው እስከ ሴንት ፖል ድረስ ብቻ ነው። ገመዱ ደህና ነው፤ መብራቶቹ ይበራሉ። ሆኖም የሚኒያፖሊሱ ማዕከል ዉድበሪ የሚባል ቦታ መኖሩን አያውቅም፤ የዉድበሪ ሐኪምም በማዕከሉ የተቀመጠውን የታካሚ መዝገብ መክፈት አይችልም። ባለሙያው ገመድ ሲፈትሽ ቢውል ጉድለቱን አያገኘውም። የጎደለው ገመድ ሳይሆን ሕጉ ነው።

መፍትሔው መሐንዲሶች ቨርቹዋል ሊንክ የሚሉት ምናባዊ መስመር ነው። በቀጣና ዜሮና በአንድ ድንበር ላይ ያለው ራውተር፣ በቀጣና አንድና በሁለት ድንበር ላይ ካለው ራውተር ጋር እንዲተዋወቅ ይደረጋል፤ ለእያንዳንዱ የሌላው መለያ ቁጥር ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በቀጣና ዜሮ መስመር እንደተገናኙ ይቆጠራል። መሬት አይቆፈርም፤ መረጃው የሚያልፈው በዚያው በሴንት ፖል ገመድ ላይ ነው። የመስመሩ ዋጋ በእጅ አይሞላም፤ በቀጣና አንድ ውስጥ ካለው መንገድ ይሰላል። መሸጋገሪያው ቀጣናም የውጭ መረጃ እንዳይገባው የተገደበ መሆን የለበትም።

ቨርቹዋል ሊንክ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ለሁለት የተሰበረ የጀርባ አጥንትን ይጠግናል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 በሚኒያፖሊስ የሚሲሲፒ ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሲሞቱ 145 ቆስለዋል። በቀን ወደ 140 ሺህ የሚጠጋው ተሽከርካሪ በሌሎች ድልድዮችና በየመንደሩ መንገድ ዞሮ ከመሻገር በቀር አማራጭ አልነበረውም። የተሰበረው ቀጣና ዜሮም እንዲሁ በጎረቤት ቀጣና ውስጥ ዞሮ ይገናኛል።

ችግሩ ምናባዊው መስመር ከተዘረጋ በኋላ መረሳቱ ነው። በግድግዳ ላይ በተሰቀለው የኔትወርክ ንድፍ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ሴንት ፖል ውስጥ ያለው መንገድ ሲቋረጥ እሱም ይወድቃል። የቀጣና ዜሮ የይለፍ ቃል ሲቀየር በምናባዊው መስመርም ላይ መቀየር እንዳለበት ትዝ የሚለው ሰው ጥቂት ነው፤ በተለይ መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ሥራ ከለቀቀ።

የዛሬ ራውተሮች አቅም ከ1989ኙ ጋር አይነጻጸርም። ስለዚህ ዉድበሪን ከሴንት ፖል ጋር በቀጣና አንድ ማጠቃለል የተሻለ ነው። ነገር ግን ይህን ለማድረግ የዉድበሪ ራውተሮች ሁሉ የቀጣና ቁጥር መቀየር አለበት፤ በዚያ መካከል አገልግሎቱ ይቋረጣል። ታካሚ በሚቀበልበት ቀን ክሊኒኩ ይህን አይፈቅድም። ምናባዊውን መስመር መዘርጋት ግን ሁለት ራውተሮችን ብቻ ነክቶ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ነው። ክሊኒኩ በሩን እስኪዘጋና ቀጣናዎቹ በሌሊት እስኪጠቃለሉ ድረስ ያገለግላል፤ በዚያው ሌሊት ትእዛዙ ከሁለቱም ራውተሮች ይሰረዛል።