ገዳዩ ያልታወቀበት ፊልም

በካምፓላ ከተማ፣ ዋካሊጋ በተባለው የድኾች መንደር፣ ይስሐቅ ናብዋና በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ እንደ ተሠራ የሚነገርለት «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተሰኘው ፊልም፣ ምንም እንኳ የወንጀል ምርመራን ስም ቢሸከም፣ ገዳዩን እስከ ፍጻሜው ሳይገልጥ፣ ኤሚ የተባለው ተራኪ በምስሉ ላይ ያለ ኀፍረት በሚያዥጐደጕደው ቀልድ ተመልካቹን ያስቃል። ደምና ጥይት የበዛበት ነውና የሚነቅፈው ሰው አይፈረድበትም፤ እኔ ግን ከዕጦት መካከል የፈለቀ እውነተኛ ጥበብ አድርጌ አከብረዋለሁ።

የፊልም ሥራ በዚያ ሀገር ድጋፍም የገደብ ስጋትም ገጥሞታል፤ የኡጋንዳ የመገናኛ ኮሚሽን በ2013 የሀገሩን የፊልም ፌስቲቫል መሠረተ፤ በ2014 የጸደቀው የብልግና መከላከያ ሕግ ግን ወሰኑ ግልጽ ስላልነበረ ዋና ዋና አንቀጾቹን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2021 ሻራቸው። አንባቢ ሆይ፣ የዋካሊጋን ሥራ ሳታይ አትፍረድበት።