የኢንሱሊን ማስቀመጫ ፍሪጅዎ የሙቀት መለኪያ ትክክል ነው? በቤትዎ እንዴት ማረጋገጥ ይችላሉ

ኢንሱሊን ከልክ በላይ ሲሞቅም ሆነ ሲቀዘቅዝ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ቤተሰቦች ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ገመድ አልባ የሙቀት መለኪያ (ሴንሰር) አስቀምጠው ቁጥሩን በስልካቸው ይከታተላሉ። ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ሴንሰሩ ራሱ ከተሳሳተ ስልክዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር ያዘናጋዎታል። ሴንሰሩ 3 ዲግሪ እያለ እውነተኛው ሙቀት 1 ዲግሪ ቢሆን፣ ፍሪጁ ውስጥ ይበልጥ በሚቀዘቅዘው ጥግ ያለው መድኃኒት ሳያውቁት ሊበርድ፣ አልፎም ወደ በረዶነት ሊቀየር ይችላል።

ጥቂት ዲግሪ ለምን ለውጥ ያመጣል?

• ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው።
• በመጠቀም ላይ ያሉት ኢንሱሊን በአብዛኛው ለ4 ሳምንታት ያህል ከፍሪጅ ውጭ መቆየት ይችላል። የሙቀቱ ጣሪያ እንደ ኢንሱሊኑ ዓይነት 25 ወይም 30 ዲግሪ ስለሆነ ከመድኃኒቱ ጋር የመጣውን ወረቀት ያንብቡ።
• አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጠቀም አይቻልም።

በረዶ ሆኖ የቀለጠ ኢንሱሊን አንዳንዴ ጓል ይሠራል፤ አንዳንዴ ግን ምንም ለውጥ አይታይበትም። በዓይን ማየት ብቻውን ስለማይበቃ መለኪያው ትክክል መሆን አለበት።

መጀመሪያ፦ የሚታመን መለኪያ ያዘጋጁ

ሴንሰሩን የሚያስተያዩበት ሌላ ቴርሞሜትር ያስፈልግዎታል። ለምግብ ወይም ለፍሪጅ የሚሆን፣ ጫፉ ውኃ ውስጥ መግባት የሚችል ዲጂታል ቴርሞሜትር ይበቃል። የትኩሳት መለኪያ ግን አይሆንም፤ የተሠራው የሰውነትን ሙቀት ለመለካት ስለሆነ የፍሪጅን ቅዝቃዜ አያነብም።

ይህን ቴርሞሜትር በበረዶ ይፈትኑት፦

1. ከንጹሕ ውኃ የተሠራ በረዶ ሰባብረው ብርጭቆ ይሙሉ። ጨው አይጨምሩ፤ ጨው ቅዝቃዜውን ከ0 በታች ያወርደዋል።
2. በበረዶው መካከል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውኃ ይጨምሩ። አማስለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።
3. የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሃል ላይ ያድርጉ። የብርጭቆውን ታች ወይም ጎን አያስነኩት።
4. ቁጥሩ መለዋወጡን ሲያቆም ያንብቡ። 0 ዲግሪ ማለት አለበት። 0.5 ካለ 0.5 ከፍ አድርጎ ያነባል ማለት ነው፤ ጽፈው ይያዙና ወደፊት ከሚያነቡት ላይ ይቀንሱ።

በፈላ ውኃ አይሞክሩ። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍተኛ ቦታ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ግን በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለውም።

ቀጥሎ፦ ሴንሰሩን ያስተያዩ

ብዙዎቹ ገመድ አልባ ሴንሰሮች ውኃ ከገባባቸው ይበላሻሉ፤ በረዶው ውስጥ አይክተቱ። ይልቁንም፦

1. ሴንሰሩንና የፈተኑትን ቴርሞሜትር ጎን ለጎን አንድ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው ክዳኑን ይግጠሙ፤ ከፍሪጁ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ።
2. ሌሊቱን ይተዉት። ጠዋት ማንም ፍሪጁን ሳይከፍት የሴንሰሩን ቁጥር በስልክዎ ያንብቡ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወዲያውኑ ቴርሞሜትሩን ያንብቡ።
3. ይህንኑ ሦስት ቀን ይድገሙና ይጻፉ።

ለምሳሌ በረዶ ውስጥ 0 ያነበበው ቴርሞሜትር 4.0፣ 5.1 እና 4.4 ሲል ሴንሰሩ 5.2፣ 6.2 እና 5.6 ቢል፣ ልዩነቱ በየቀኑ 1.2 ገደማ ነው። እንዲህ ያለ የማይለዋወጥ ስሕተት ይስተካከላል። የስልኩ መተግበሪያ ማስተካከያ ካለው 1.2 እንዲቀንስ ያዙት። ከሌለው ፕላስተር ላይ «1.2 ቀንስ» ብለው ጽፈው ሴንሰሩ ላይ ይለጥፉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይወቀው።

ልዩነቱ አንድ ቀን 0.3፣ ሌላ ቀን 2 ከሆነ ግን በመቀነስ አይስተካከልም። ባትሪውን ቀይረው እንደገና ይሞክሩ። ካልተሻሻለ ሴንሰሩን ይቀይሩ።

ፈተናውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ባትሪ ሲቀይሩ ወይም ሴንሰሩ ሲወድቅ ይድገሙት።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ዋይ ፋዩም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስልክዎ ላይ የሚታየው ቁጥር ከመጥፋቱ በፊት የተነበበው ሊሆን ስለሚችል የተነበበበትን ሰዓት ሁልጊዜ ይመልከቱ። ፍሪጁን ያለ ምክንያት አይክፈቱ። ኢንሱሊኑን ከበረዶ ቤቱና ከኋለኛው ግድግዳ ያርቁ። በሩ ላይም አያስቀምጡ፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል።

ኢንሱሊኑ የተበላሸ ከመሰለዎት

• በረዶ ከሆነ አይጠቀሙበት፤ በሌላ ይተኩ።
• ሙቀት አግኝቶት ከሆነ ስንት ዲግሪ እንደደረሰና ለስንት ሰዓት እንደቆየ ጽፈው በዕለቱ የፋርማሲ ባለሙያ ወይም ሐኪምዎን ይጠይቁ።
• በጥርጣሬ ምክንያት ኢንሱሊን መውሰድ አያቋርጡ፤ መጠኑንም በራስዎ አይጨምሩ። ስኳርዎን ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

የስኳር መጠን በጣም ከፍ ብሎ ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን ወይም መደንዘዝና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ከታየ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ምግብና መድኃኒት ሳይቀየር ስኳርዎ ለቀናት ከፍ ካለም የኢንሱሊኑን አቀማመጥ ይመርምሩ፤ ለሐኪምዎም ይንገሩ።