በልክ የሚሠራ የማሽን ዕቃ፦ ተረትና እውነታ

በልክ የሚሠራ የማሽን ዕቃ የሚባለው ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የማይገኝ ወይም አምራቹ ማቅረብ ያቆመው ክፍል በሥዕልና በመጠን ታዝዞ ሲቀረጽ ነው። በአርባ ምንጭና በጋሞ ዞን ቆላማ አካባቢዎች የሙዝ ማሳ የሚያጠጣው ፓምፕ፣ የእህል ወፍጮው፣ በአባያና በጫሞ የሚመላለሰው የሞተር ጀልባ፣ የጨርቃ ጨርቅ ማሽኑም ቢሆን አንድ ቀን ይህን ይፈልጋል፤ ሻፍት ይበላል፣ ቡሽንግ ይሰፋል፣ የፑሊ ቀዳዳ ይላላል። ሥራው በእጅ በሚነዳ ቶርኖና ፍሬዛ ወይም በኮምፒውተር በሚመራ ሲኤንሲ ማሽን ይከናወናል። በየትኛውም ቢሠራ የዕቃው ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ብረቱ ማሽን ላይ ከመታሰሩ በፊት፣ በትዕዛዙ ነው። ይህን የሚዘነጉ እምነቶች አዛዡን ገንዘብም ጊዜም ያስከፍላሉ።

ተረት 1፦ ሲኤንሲ ሁልጊዜ ከቶርኖ ይበልጣል።

እውነታ፦ የሲኤንሲ መነሻ የሆነው፣ በቁጥር ትዕዛዝ የሚመራ ፍሬዛ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ለመፈጠሩ ምክንያት የሆነው በእጅ ለመቅረጽ የሚያስቸግረው የአውሮፕላን ክፍሎች ቅርጽ ነበር። ዛሬም ብልጫው ውስብስብ ቅርጽ ማውጣትና ብዙ ዕቃዎችን በአንድ ልክ መድገም ነው። አንድ ቀጥ ያለ የፓምፕ ሻፍት ግን ልምድ ያለው ባለሙያ በደህና ቶርኖ በሚፈለገው ልክ ያወጣዋል። ሲኤንሲ ማሽኑ ካረጀ፣ መቁረጫው ከደነዘ ወይም ብረቱ ላልቶ ከታሰረ፣ ኮምፒውተሩ ስህተቱን አያርመውም።

ተረት 2፦ ለናሙና የተበላውን ዕቃ መስጠት ይበቃል።

እውነታ፦ የተበላ ናሙና ሲገለበጥ መበላቱም አብሮ ይገለበጣል። ትክክለኛው መጠን የሚገኘው ከተጓዳኙ ዕቃ ነው። ለምሳሌ በሻፍቱ ላይ የሚቀመጠው ኩሽኔታ 6206 የሚል ቁጥር ካለው፣ የውስጥ ቀዳዳው 30፣ የውጭ ስፋቱ 62፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰነ ነው። የሻፍቱ መቀመጫ 29.8 ሚሊ ሜትር ሆኖ ቢለካ እንኳ መሠራት ያለበት በ30 መነሻ ነው። ናሙናው ቅርጹን ለማሳየት ይጠቅማል፤ መጠኑን የሚናገረው ግን ሥዕሉ ነው።

ተረት 3፦ የኮምፒውተር ቅርጽ ፋይል ከተላከ ሥዕል አያስፈልግም።

እውነታ፦ ፋይሉ ቅርጹን ያሳያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱን ዓይነት፣ የብሎን ጥርሱን መጠን፣ የገጹን ልስላሴና የሚፈቀደውን የመጠን ልዩነት፣ ማለትም ቶለራንሱን አይናገርም። በሥዕሉ ላይ ቶለራንስ ሳይጻፍ አይኤስኦ 2768 የተባለው የአጠቃላይ ቶለራንስ መስፈርት መካከለኛ ደረጃ ብቻ ከተጠቀሰ፣ የ30 ሚሊ ሜትሩ ሻፍት ከ29.8 እስከ 30.2 ቢሆን ትዕዛዙን አሟልቷል። ኩሽኔታው ግን በትንሹ ልክ ይዋልላል፣ በትልቁ ልክ አይገባም።

ተረት 4፦ ልኩ በጠበበ ቁጥር ዕቃው ይሻላል።

እውነታ፦ ጠባብ ቶለራንስ የሚጠየቀው ሁለት ዕቃዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። ለኩሽኔታው መቀመጫ በተለምዶ የሚመረጠው ልክ ከ30.002 እስከ 30.015 ሚሊ ሜትር ነው። የሻፍቱ ጠቅላላ ርዝመት ወይም ምንም የማይነካው ገጽ በዚህ ጥበት ከታዘዘ መሞረዱና መለካቱ ዋጋ ይጨምራል፤ ሻፍቱ ግን ከዚያ የተሻለ አይዞርም።

ተረት 5፦ ብረት ሁሉ ብረት ነው።

እውነታ፦ የግንባታ ፌሮ ለሻፍት የታሰበ አይደለም። ለሻፍት ከሚመረጡት አንዱ ሲ45 የሚባለው፣ 0.45 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ነው። ውሃ ለሚነካው ክፍል ዝገት የሚቋቋም ስቴንለስ ይሻላል። ቡሽንግ ከነሐስ የሚሠራው ደግሞ ውዱ ሻፍት ተርፎ በቀላሉ የሚለወጠው ቡሽንግ እንዲበላ ነው። ትዕዛዙ ላይ «ጠንካራ ብረት» ብሎ መጻፍ ምርጫውን ለአጋጣሚ መተው ነው።

ተረት 6፦ የአንዱ ዋጋ የአሥሩ አንድ አሥረኛ መሆን አለበት።

እውነታ፦ ፕሮግራም መጻፍ፣ ማሰሪያ ማዘጋጀትና መቁረጫ ማስተካከል ለአንድም ሆነ ለአሥር ዕቃ የሚሠራው አንዴ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ሲታዘዝ ይህ ወጪ በሙሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ፓምፕ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ወይም ማኅበራቸው በጋራ ቢያዙ የእያንዳንዱ ዋጋ ይቀንሳል።

ተረት 7፦ ጥሩ ዕቃ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ አገር ብቻ ነው።

እውነታ፦ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ዕቃው ጨርሶ መሠራት ይኖርበት እንደሆነ ነው። ኩሽኔታ፣ የዘይት መጠበቂያ ጎማ፣ ቺንጋና ብሎን ደረጃ ወጥቶላቸው በገፍ የሚመረቱ ናቸው። ቀጥተኛ ሻፍትና ቡሽንግ በአካባቢው ቶርኖ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ አዛዡም በአካል እየሄደ ይከታተለዋል። ርቆ መሄድ ዋጋ የሚኖረው ብረት ማቅለጥ፣ በሙቀት ማጠንከር ወይም ውስብስብ የማርሽ ጥርስ ማውጣት ሲያስፈልግ ነው። ከውጭ ሲታዘዝ የማጓጓዣ፣ የቀረጥና የውጭ ምንዛሪ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ጋር መደመር አለበት፤ ልኩ ሳይሆን ቢቀር መመለሱም ቀላል አይሆንም።

ተረት 8፦ ዕቃው ካብረቀረቀ ልኩን ጠብቋል።

እውነታ፦ ልክ የሚታወቀው በመለካት ነው። የኩሽኔታ መቀመጫው የተፈቀደለት ልዩነት 0.013 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 0.02 ወይም 0.05 የሚያነብ ካሊፐር ሊፈርድበት አይችልም፤ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ሙቀትም ይቆጠራል፤ የመጠን መለኪያ ዓለም አቀፍ መነሻ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። ከማሽን ሲወርድ 60 ዲግሪ የሞቀ የ30 ሚሊ ሜትር የብረት ሻፍት በ0.014 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ይህ ከተፈቀደው ልዩነት ሁሉ ይበልጣል። እንደ አርባ ምንጭ ባለ ሞቃት ከተማ የብረት ዕቃውና የብረት መለኪያው በጥላ አብረው ቆይተው ሙቀታቸው ሲስተካከል መለካት ስህተቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

የተሟላ ትዕዛዝ እንግዲህ ሥዕሉን፣ የብረቱን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ የሚጋጠሙትን ቦታዎች ቶለራንስ፣ የሙቀት ማጠንከር ካለ እርሱን፣ ዕቃው በምን ተለክቶ እንደሚረከብና ልኩን ካልጠበቀ ወጪው በማን ላይ እንደሚሆን ይይዛል። ሥዕሉ ከተለካው ውጤት ጋር ተቀምጦ ከቆየ የሚቀጥለው ሻፍት ሲበላ ትዕዛዙ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም።